ኢቢስ ይመለክ ነበር ወይስ ያመለክት ነበር?

ጥያቄው በአጭሩ እንዲህ ይላል፦ “የምኖረው አውሮፓ ነው፤ የምተዳደረው በትርጉም ሥራ ነው። ሁለት ዓመት ያህል የጥንት ግብፃውያን የጸሐፍት አምላክ የሆነውን የቶትን ምስል ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጬ፣ ሥራ ስጀምር በልቤ እጠራዋለሁ። አንዱ ምስል የወፍ ራስ ያለው ሰው ነው፤ ሌላው ቁጭ ያለ ዝንጀሮ። ትክክለኛው የትኛው ነው? ግብፃውያን እንስሳ ያመልኩ ነበር የሚሉኝ ጓደኞቼስ እውነታቸውን ነው? በቅርቡ ደግሞ 2,500 ዓመት ዕድሜ አለው የተባለ የተገነዘ ኢቢስ የሚባል ወፍ ለሽያጭ ቀርቦ አየሁ። የጥንቶቹ አማኞች ያቀርቡ የነበረው ይህን ነው ስለተባልኩ ልገዛው አስቤያለሁ። ምን ይመክሩኛል?”

የተገነዘውን ወፍ አይግዙ። የሕጉን ነገር ወደ ኋላ አቆየዋለሁ፤ ከሁሉ በፊት ሐሳቡ ራሱ ስሕተት ነው። በጥንቷ ግብፅ የተገነዘ ኢቢስ ቤት ውስጥ የሚቀመጥ ዕቃ አልነበረም። ምእመኑ ወጪውን ይሰጣል፤ የቤተ መቅደሱ ሰዎች ወፉን አድርቀው፣ ሙጫ ቀብተው፣ በተልባ እግር ጨርቅ ጠቅልለው በሸክላ ገንቦ ያሽጉታል። ከዚያ ከሌሎች ብዙ ሺሕ ገንቦዎች ጋር ዐለት ተፈልፍሎ በተሠራ የምድር ውስጥ መተላለፊያ ይቀበራል። ቀብር ነው እንግዲህ። ያንን አውጥቶ መደርደሪያ ላይ ማቆም ለአምላኩ የተሰጠውን መልሶ መውሰድ ነው። በቤት ይደረግ የነበረው ሌላ ነገር ነው፤ እሱንም በዝርዝር እናየዋለን።

ጓደኞችዎ ግማሽ ያህል ልክ ናቸው። በአማርኛችን “ማምለክ” እና “ማመልከት” እጅግ የተቀራረቡ ቃላት ናቸው፤ የጥያቄዎም ቁልፍ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ነው። በጽሕፈትና በሥዕል ኢቢስ ያመለክታል። በዓርማ ምሰሶ ላይ የቆመ ኢቢስ በሂሮግሊፍ፣ በጥንቱ የግብፅ የሥዕል ጽሕፈት፣ “ጀሁቲ” ተብሎ ይነበባል፤ ግሪኮች ቶት ያሉት አምላክ የአገሩ ስም ይህ ነው። በሰው ትከሻ ላይ የወፍ ራስ ሲሣልም አምላኩ መልኩ እንዲህ ነው ለማለት አይደለም። ከራሱ ማንነቱ ይነበባል፤ በእጁ ከያዘው ብዕርና የቀለም ሰሌዳ ደግሞ ሥራው። በአንዳንድ መቅደስ ግን ነገሩ ከማመልከት ያልፋል። በሜምፊስ “ከሽፈራው ዛፉ በታች ያለው ፕታሕ” በሚባለው መቅደስ አንድ ዝንጀሮ ተመርጦ ይቀመጥ ነበር፤ ሲሞት በከተማዋ የመቃብር ስፍራ በሳቃራ በክብር ይቀበርና ሌላው ይተካል። ያ አንድ እንስሳ የአምላኩ ማደሪያ ተደርጎ ይታይ ስለነበር “ይመለክ ነበር” ቢባል ብዙ ስሕተት የለውም። በሦስተኛ ደረጃ ያሉት በብዛት ተገንዘው የተቀበሩት ወፎች ናቸው፤ እነዚህ ስጦታ ናቸው፣ ከሰው ወደ አምላኩ የሚላኩ። የዚህ ልማድ ዋና ዘመን ከ664 ቅ.ል.ክ. በኋላ ያለው ነው። ቶት ግን ከዚያ በፊት ከአንድ ሺሕ ዓመታት በላይ ይጠራ ነበር። ስለዚህ “ግብፃውያን እንዲህ ያደርጉ ነበር” የሚል ሰው ሲገጥምዎ በመጀመሪያ የሚጠየቀው “በየትኛው ዘመን?” ነው። ኢቢስን ሆን ብሎም ሆነ ሳያውቅ የገደለ ሰው በሞት ይቀጣ ነበር የሚለው የግሪኩ ታሪክ ጸሐፊ የሄሮዶቱስ ዘገባም የ5ኛው ክፍለ ዘመን ቅ.ል.ክ. ነው፤ ወደ ፒራሚዶቹ ዘመን ወስዶ መለጠፍ አይቻልም።

ወፉ የትኛው እንደሆነ ማወቅም ያስፈልጋል። የቶት ወፍ ቅዱስ ኢቢስ የሚባለው ነው፦ ገላው ነጭ፣ ራሱና አንገቱ ላባ የሌለው ጥቁር፣ ምንቃሩ ረጅምና ወደ ታች የታጠፈ። ሳይንሳዊ ስሙ ትሬስኪኦርኒስ ኤትዮፒኩስ ነው። ከግብፅ ዱር በ19ኛው ክፍለ ዘመን ጠፍቷል፤ በዝዋይና በሐዋሳ ሐይቆች ዳር ግን ዛሬም ጭቃ ሲወጋ ይታያል። በሂሮግሊፍ ውስጥ ከእሱ ጋር የሚምታታ ሌላ ኢቢስ አለ፤ ማጅራቱ ላይ ረዘም ያለ ላባ የተንጨባረረበት። እሱ ራሰ መላጣው ኢቢስ ሲሆን “አኽ” የሚለውን ቃል ይጽፋል፣ የከበረ መንፈስና ብርሃን ማለት ነው፤ የቶት ስም አይደለም። ጌጣጌጥ ሻጮች ሁለቱን አንድ ያደርጓቸዋል። (የሶርያዎቹ ራሰ መላጣ ኢቢሶች የአገራቸውን የብርድ ወራት የሚያሳልፉት በኢትዮጵያ ደጋ መሆኑ በ2006 እ.ኤ.አ. በሳተላይት ክትትል ታውቋል፤ ለወፍ ወዳጆች ብዬ ነው።)

ኢቢስ ለጸሐፍት አምላክ ለምን ተመረጠ? ምንቃሩ የጨረቃ ማጭድ ስለሚመስል ነው የሚለው መልስ በየቦታው ይደገማል፤ ቶት የጨረቃም አምላክ ስለነበር አይደንቅም። ይህ ግን በአብዛኛው የዘመናችን ግምት ነው። ግብፃውያን ራሳቸው የተናገሩት የበለጠ ግልጽና ለእርስዎ ሥራም የቀረበ ነው። የአመነሞፔ ምክር በሚባለው ጥንታዊ የግብፅ ጽሑፍ የኢቢስ ምንቃር የጸሐፊ ጣት ነው፤ ከመንገዱ እንዳታስተው ተጠንቀቅ ይባላል። ወዲያውም ዝንጀሮው ይመጣል፦ በከመኑ ከተማ ተቀምጧል፣ ዓይኑ ሁለቱን ምድር (የላይኛውንና የታችኛውን ግብፅ) ይዞራል፣ በጣቱ የሚያጭበረብረውን ሲያይ ኑሮውን በጎርፍ ይወስድበታል። ከጥቂት መስመር በኋላ ያው ዝንጀሮ ከሚዛኑ አጠገብ ተቀምጦ ልቡ ከሚዛኑ ቱንቢ ጋር አንድ ሆኖ ይገኛል። ወፉ የሚጽፍ ጣት ነው፤ ዝንጀሮው የጻፈውን የሚመረምር ዓይን። እህል የሚሰፍር፣ መሬት የሚለካ፣ ግብር የሚመዘግብ ጸሐፊ የሚፈራው ይህንን ዓይን ነበር። የአምልኮቱም ልብ ያለው እዚህ ነው፤ ሌላው ሁሉ ከዚህ ይቀዳል።

ዝንጀሮው ራሱ ሰፋ ያለ ነገር ይፈልጋል፣ ከእኛ አካባቢ ጋርም እውነተኛ ግንኙነት አለው። ምስሎቹ ላይ የምናየው ሐማድርያስ የሚባለው ነው፤ ወንዱ ትከሻውን የሚሸፍን ብርማ ጋማ ያለው፣ በአዋሽ ፓርክ የሚታየው። ከጭላዳ ጋር አይምታታብዎ። በፈርዖኖቹ ግብፅ ይህ ዝንጀሮ በተፈጥሮ አልነበረም፤ በንግድ የመጣ ነው። በደይር ኤል ባሕሪ የንግሥት ሐትሸፕሱት መቅደስ ግድግዳ ላይ ከፑንት ምድር ዕጣንና ዛፍ ጭነው በሚመለሱት መርከቦች ዝንጀሮዎችም አሉ። በ2020 እ.ኤ.አ. የታተመ የጥርስ፣ የአጥንትና የጠጉር ኬሚካል ምርመራ ከተገነዙት ዝንጀሮዎች ከፊሎቹ ዛሬ ኤርትራ፣ ኢትዮጵያና ሶማልያ ካሉበት አካባቢ መምጣታቸውን አመለከተ። በ2023 የወጣ የዘር ቅንጣት (ዲኤንኤ) ጥናት ደግሞ ከሉክሶር አጠገብ ከጋባናት ኤል ቁሩድ የተገኘ አንድ ዝንጀሮ በጥንቱ የአዱሊስ ወደብ አካባቢ ካሉት ዝንጀሮዎች ጋር በጣም እንደሚቀራረብ አሳየ። ዝንጀሮው የኖረው ከ800 እስከ 540 ቅ.ል.ክ. ባለው ጊዜ ነው። እንግዲህ አማኙ ፊቱ ተንበርክኮ የሚያየው እንስሳ ከቀይ ባሕር ደቡብ በመርከብ የተጋዘ እንግዳ ነበር። እንክብካቤው መልካም አልነበረም። አጥንታቸው የተመረመረው ዝንጀሮዎች ብዙዎቹ ፀሐይ ከማጣትና ከምግብ ጉድለት የሚመጣ የአጥንት መጣመም ይታይባቸዋል። ለአምላክ ክብር ተብሎ በጨለማ የታሠረ እንስሳ እንደነበረ መታወቅ አለበት፤ ያለፈውን አሳምሮ ብቻ ማውራት ተገቢ አይደለም።

ወደ ጠረጴዛዎ ልመለስ። ሁለቱም ምስሎች ትክክል ናቸው፤ የሚሳሳተው ሻጩ የሚለጥፍባቸው ስም ነው። በራሱ ላይ የጨረቃ ማጭድና ክብ ያለው ቁጭ ያለ ዝንጀሮ በአብዛኛው ቶት ነው፤ ጨረቃውን ኮንሱ የተባለው አምላክም ስለሚለብሰው ጽሑፍ ካለበት ይነበብ። ሁለት እጁን ከፍ ያደረገ ዝንጀሮ ግን ፀሐይ ስትወጣ የሚያመሰግን አጃቢ ነው፤ ጎሕ ሲቀድ ዝንጀሮዎች ሲንጫጩ ሰምተው ነው ግብፃውያን እንዲህ የሣሉት። የዝንጀሮ ራስ ክዳን ያለው ማሰሮ ደግሞ ሐፒ ነው፤ ሆረስ ከሚባለው አምላክ አራት ልጆች አንዱ፣ የሟቹን ሳንባ የሚጠብቅ። እሱን ጠረጴዛ ላይ አቁሞ ቶት ብሎ መጥራት በጣም የተለመደ ስሕተት ነው። ከሁለቱ አንዱን ብቻ ማስቀረት ከፈለጉ የእኔ ምርጫ ዝንጀሮው ነው። በሉቭር ሙዚየም ያለው የነብመርቱፍ ሐውልት ምክንያቱን ያሳያል፦ በአመንሆቴፕ 3ኛ ዘመን የነበረ የንጉሥ ጸሐፊ እግሩን አጣጥፎ ጭኑ ላይ ፓፒረስ ዘርግቷል፤ ከፊቱ ከፍ ባለ መቀመጫ ላይ ቶት በዝንጀሮ መልክ ወደ ታች ያየዋል። ያው ንጉሥ በከመኑ፣ ዛሬ አል አሽሙነይን በሚባለው ስፍራ፣ 4.5 ሜትር ገደማ ቁመት ያላቸው የዝንጀሮ ሐውልቶች አቁሟል። የነብመርቱፍ ግን በእጅ የሚያዝ ነው፣ ለአንድ ሰው ዓይን የተሠራ።

የቤት አምልኮ ምን ይመስል እንደነበር የሚነግሩን ከ1200 ቅ.ል.ክ. አካባቢ የተረፉ፣ ጸሐፍት ተማሪዎች የገለበጧቸው ፓፒረሶች ናቸው። በአንዱ ውስጥ አንድ ሰው ቤቱ የገባውን የዝንጀሮ ምስል ያወድሳል፦ ጋማው የሚያበራ፣ መልኩ ያማረ፣ ራሱ ላይ ያለው ከቀይ ድንጋይ የተሠራ፤ እሱ ከገባ ወዲህ ደጄ ተባረከ፣ ቤቴ ሞላ ይላል፤ ጎረቤቶቹንም ደስ ይበላችሁ ይላቸዋል። በሌላው ቶት በበረሃ ለተጠማ ሰው የጣፈጠ ጉድጓድ ነው፤ ዝም ለሚል ሰው ይከፈታል፣ ለለፍላፊ ይዘጋል። ሦስተኛው “ወደ እኔ ና፣ ምክር ስጠኝ፣ በሥራህ ብልህ አድርገኝ” የሚል የጀማሪ ጸሐፊ ልመና ነው። እነዚህ ጸሎቶች ምን እንደማይጠይቁ ልብ ይበሉ፦ ምሥጢራዊ ኃይል አይጠይቁም፣ የወፍ አካል አያቀርቡም። ምስል፣ ቃልና ዝምታ ናቸው። ችግር ሲገጥምም ሰው አቤቱታ ይጽፍ ነበር። በቱና ኤል ገበል፣ በከመኑ ሰዎች የመቃብር ስፍራ፣ ዴሞቲክ በሚባለው የኋለኛው ዘመን የግብፅ የእጅ ጽሕፈት ለቶት የተጻፉ አቤቱታዎች ተርፈዋል፤ ልክ ለዳኛ እንደሚቀርብ ማመልከቻ በደልን ዘርዝረው ፍርድ ይለምናሉ።

ጸሐፊ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ከቀለም ውሃው ጠብታ ለቶት ያፈስ ነበር የሚለውን ሳያነቡት አልቀሩም። ልማዱ እውነት ነው፤ ጠብታው በጽሑፍ የተመሰከረው ግን ለኢምሆቴፕ ነው፣ ጸሐፍት እንደ አለቃቸው ለሚያከብሩት ጥንታዊ ሰው። ለቶት ቢያደርጉት ማንም አይከለክልዎትም፤ “ጥንታዊ የቶት ሥርዓት” ብለው ለሌላ ሰው እንዳያስተምሩት ብቻ።

በዓሉን በተመለከተ ለእኛ ቀላል ነው። በግብፅ አቆጣጠር የመጀመሪያው ወር በቶት ስም ይጠራል፤ ኮፕቶች ዛሬም ቱት ይሉታል፣ ከእኛ መስከረም ጋር ቀኑ ሳይቀር አንድ ነው። የቶት በዓል የወሩ 19ኛ ቀን ነበር። የግሪኩ ጸሐፊ ፕሉታርክ እንደጻፈው በዚያ ቀን ማርና በለስ እየበሉ “እውነት ጣፋጭ ናት” ይሉ ነበር። አምስቱን የጳጉሜን ቀናት ለዓመቱ ያስገኘውም በእሱ ዘገባ ይኸው አምላክ ነው፤ ከጨረቃ ጋር ገበጣ መሰል ጨዋታ ተጫውቶ ብርሃኗን አሸንፎ ወሰደ፣ ኦሲሪስና ኢሲስም በእነዚያ ቀናት ተወለዱ። አንድ ጥንቃቄ አለ፦ የጥንቱ አቆጣጠር ስድስተኛ ጳጉሜን አልነበረውም። በ238 ቅ.ል.ክ. የካኖፐስ አዋጅ ሊጨምረው ሞክሮ አልጸናም፤ የጸናው በአውግስጦስ ዘመን ነው። ስለዚህ መስከረም 19 የወሩን ስምና ቀን ይጠብቃል እንጂ ራምሴስ ያከበረበትን ወቅት አያሳይም።

አሁን ወደ ግንዙ። ኢቢስ በብዛት የተቀበረባቸው ዋና ስፍራዎች ቱና ኤል ገበልና ሳቃራ ናቸው፤ ቁጥሩ ከሚሊዮን በላይ ይገመታል። ይህን ያህል ወፍ ከየት መጣ? በ2019 እ.ኤ.አ. የታተመ የዘር ቅንጣት ምርመራ የጥንቶቹ ወፎች ልዩነት ዛሬ በዱር ካሉት ጋር እንደሚቀራረብ አሳየ፤ በትውልድ የተረቡ ሳይሆኑ በብዛት ከዱር እየተያዙ ለጥቂት ጊዜ ይመገቡ ነበር ማለት ነው። ሥራው ንግድ ሲሆን ሌብነት ገባበት። በ2ኛው ክፍለ ዘመን ቅ.ል.ክ. በሳቃራ ይኖር የነበረ ሆር የሚባል የቶት አገልጋይ ሕልሙንና አቤቱታውን በሸክላ ስባሪ ላይ ጽፎ ትቶልናል። ለ60,000 ኢቢሶች ስለሚቀርብ ምግብ ይጽፋል፣ አገልጋዮች ያጓደሉትን ይከሳል፤ የተሐድሶው ትእዛዝም “አንድ አምላክ በአንድ ገንቦ” የሚል ነው። ትእዛዙ ያስፈለገው ገንቦው ሁልጊዜ ወፍ ስላልያዘ ነው። በማንቸስተር ከ800 በላይ የእንስሳት ግንዞች በራጅና በሲቲ ስካን ሲታዩ ሲሶ ያህሉ ሙሉ እንስሳ፣ ሲሶው ቁርጥራጭ፣ ሲሶው ደግሞ ምንም የእንስሳ አካል ያልያዘ ሆኖ ተገኘ፤ ጭቃ፣ ቅርፊትና ሸምበቆ። ቁርጥራጩና ባዶው ሁሉ ማጭበርበር ነው ማለት አይደለም፤ ከተቀደሰ ስፍራ የተሰበሰበ ላባም ቅዱስ ተደርጎ ሊጠቀለል ይችላል። ሆኖም እርስዎ ሊገዙት ያሰቡት ከአምልኮቱ ክፍል ሁሉ በዘመኑ ሰዎች ራሳቸው እጅግ የተተቸውን ነው፤ ሚዛን ላይ ለተቀመጠው አምላክ በጎደለ ሚዛን የቀረበ ስጦታ።

ሕጉ ደግሞ ጥብቅ ነው። የግብፅ ሕግ ቁጥር 117 ከ1983 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የቅርስ ንግድን ከልክሏል፤ ከዚያ በፊት በሕጋዊ መንገድ የወጣ መሆኑን የሚያሳይ ወረቀት የሌለው ዕቃ ንጹሕ አይደለም። “ከአያቴ የወረስኩት” የሚል ደብዳቤ ሰነድ አይባልም። በአውሮፓ ኅብረት ደንብ 2019/880 መሠረት ከጁን 28 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከ250 ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው የቁፋሮ ቅርስ ያለ ፈቃድ ከውጭ አይገባም። ሻጩ ራጅ ቢያሳይዎት እንኳ አጥንት መኖሩን እንጂ ዕድሜውን አይነግርም፤ አሮጌ ጨርቅ በአዲስ የወፍ አጥንት ላይ መጠቅለል የሐሰተኞች የታወቀ ዘዴ ነው። አሮጌ ስብስቦች ተባይ እንዳይበላቸው በአርሰኒክ ሊታከሙ ስለሚችሉም በጓንትና በጭንብል እንጂ በባዶ እጅ አይነኩም፣ ሥራና ምግብ ካለበት ክፍልም አይገቡም። ሕያው ወፍ ላሳድግ የሚል ሐሳብ ቢመጣብዎ፣ ቅዱስ ኢቢስ ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በኅብረቱ የወራሪ ዝርያዎች ዝርዝር ውስጥ ስላለ ማርባትም ማሳደግም ክልክል ነው።

ስለ ምልክትም ልጨምር፤ ብዙ ሰው ወፉን ደጋግሞ ስላየ አምላኩ ጠራኝ ይላል። በጥንት ግብፅ ኢቢስ የዕለት ተዕለት ወፍ ነበር፣ መንገድ ላይ መታየቱ ጥሪ አይባልም። ሆር ጥሪውን ያገኘው በሕልም ነው፤ ሕልሙንም በጽሑፍ አስፍሮ ለባለሥልጣናት አቅርቧል። በኢንተርኔት የሚዞሩት የአትላንቲስ “የቶት ጽላቶች” ደግሞ የ20ኛው ክፍለ ዘመን ድርሰት ናቸው። ግሪኮች ከቶት ጋር ባመሳሰሉት አምላክ በሄርሜስ ስም የሚጠሩት የግሪክኛ መጻሕፍት በእርግጥ ጥንታዊና ግብፅ ውስጥ የተጻፉ ቢሆኑም የሮማውያን ዘመን ፍልስፍና ናቸው፤ ምንቃርና ሚዛን ያለው የጸሐፍት ቶት እዚያ በብዙ ተለውጧል።

ማመን አለማመኑ የእርስዎ ውሳኔ ነው፣ እዚያ አልገባም። ልማዱን ከቀጠሉ ግን የምመክረው ይህን ነው፦ በዘመናችን የእጅ ባለሙያ የተሠራ፣ ጨረቃው ራሱ ላይ ያለ ዝንጀሮ ከዓይንዎ ትንሽ ከፍ አድርገው፣ ፊቱን ወደሚጽፉበት ወረቀት አዙረው ያስቀምጡ። ትንሽ ጽዋ ንጹሕ ውሃ ጠዋት ያኑሩ፣ ማታ ይድፉት። ከጸሎቶቹ የጉድጓዱን ይምረጡ፣ አጭር ነው፤ ከእሱ በኋላ ጥቂት ደቂቃ ዝም ይበሉ። በትርጉም ሥራ የምንጩን ቃል ማጉደልና መጨመር አመነሞፔ “በጣት ማጭበርበር” ካለው ጋር አንድ ስለሆነ፣ ማታ ውሃውን ከመድፋትዎ በፊት የቀኑን ሥራ አንድ ገጽ ከምንጩ ጋር ያስተያዩ።

ለሻጩ ቀብድ ሰጥተው ከሆነ ቀሪውን አይክፈሉ፤ ከ1983 በፊት የወጣበትን የመላኪያ ፈቃድ ቅጂ በጽሑፍ ይጠይቁ። በአንድ ሳምንት ካልመጣ ማስታወቂያውን ፎቶ አንስተው፣ የክፍያውን ደረሰኝ ጨምረው በሚኖሩበት አገር ለቅርስ ወንጀል ፖሊስ ወይም ለግብፅ ኤምባሲ ያቅርቡ።